አንድ ስልክ፣ አራት ልጅ

የጁቤ ላይ ማታ መብራት በሄደ ቁጥር እቤታችን የሚሆነው ያው ነው። ስልኬ ከኪሴ ይወጣል፤ አራቱ ልጆች ፍራሹ ላይ በደረታቸው ይተኙና ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። ወዲያው የሞተር ጩኸት፣ የጎማ ሲጥሲጥታ፣ ከዚያ ጭቅጭቅ። «ተራዬ ነው!» «ሁለቴ ነድተሃል!» «ጋሼ፣ አልለቅም አለ!» ዳኛው እኔ ነኝ። ቀን ሙሉ ሲለፉ ውሎ ማታ ደግሞ በአንዲት ስልክ ዙሪያ አራት ልጅ ማስታረቅ፣ ኧረ እንዴት ይደክማል! የጎረቤቶቼም ቤት እንዲሁ ነው። ከቢቸናና ከሞጣ የሚደውሉ ዘመዶቼም ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚያነሡት ይህንኑ ነው።

ልጆቹን አልወቅስም። ጨዋታው ደስ ይላል። እኔም እወደዋለሁ፤ የምማረረውም ስለምወደው ነው።

ነገሩ የካርቱን መኪና እሽቅድምድም ነው። መኪኖቹ ትንንሽ፣ ሹፌሮቹ ጭንቅላታቸው ከገላቸው የሚተልቅ፣ መንገዱ ላይ አረፋ የተንጠለጠለበት። አረፋውን ገጭተህ ስታልፍ አንድ መሣሪያ እጅህ ይገባል፤ የእሳት ኳስ ወይም መንገድ ላይ የሚደፋ ዘይት። በየስልኩ የማየው ቢች በጊ ሬሲንግ የሚባለውን ነው፤ ቬክተር ዩኒት የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው። ዘሩ ግን ከጃፓን ይመዘዛል። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1992 ሱፐር ማሪዮ ካርትን ሲያወጣ ነው መንገዱ የተቀየሰው።

ትልቁ ውለታው ለደካማ ማድላቱ ነው። ማሪዮ ካርት ላይ ከፊት የሚመራው የመሣሪያውን ሣጥን ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የሙዝ ልጣጭ ነው። ጭራ ላይ ያለው ግን መብረቅ ይደርሰውና ከፊቱ ያሉትን ሁሉ ያሳንሳቸዋል። ስለዚህ ማንም ተስፋ አይቆርጥም። የስድስት ዓመቷ ልጃችን የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድሟን በሩጫ አትችለው፣ በኳስ አትችለው፣ በገበጣም አትችለው። በዚህ ግን በየተራ ነድተው ስንተኛ እንደወጡ ሲተያዩ የምትቀድመው ጊዜ አለ፤ ያን ቀን እራት አትበላም፣ ደስታው ያጠግባታል። አያታቸው እንኳ አንድ ማታ ስልኩን ተቀብለው ሞክረዋል። መኪናው ነዳጁን ራሱ ይሰጣል፣ መሪው ስልኩን ማዘንበል ብቻ ነው። እማማ ወደ ግራ ሲታጠፉ አንገታቸው፣ ትከሻቸው፣ ነጠላቸው ሁሉ አብሮ ወደ ግራ ዘመመ። በሕይወታቸው መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሴት አራተኛ ወጡ።

ሌላም ውለታ አለው። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል በግጭቱ ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ በየስልኩ የቀረው አስቀድሞ የተጫነው ብቻ ነበር። ቢች በጊ ደግሞ ያለ ዳታ ይሠራል። በሼር ኢትና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ሰፈሩን አዳረሰ። ትምህርት በሌለበት፣ ከደጅ መውጣት በሚያስፈራበት ጊዜ ልጆቻችንን ያቆየልን እሱ ነው፤ ውለታውን አልረሳም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለስልክ ያወጣው ማሪዮ ካርት ቱር ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚያስቡ ሰዎች ስለኛ ዓይነቱ አገር ማሰብ ምነው ከበዳቸው?

አሁን ወደ ምሬቴ ልምጣ። ለደካማ የሚያደላው ሕግ መልካም የሚሆነው ደካማው ሰው ሲሆን ነው። አጠገብህ የተቀመጠ ወንድምህ መጨረሻው ኩርባ ላይ ሮኬት ቢለቅብህ በክርንህ ትደቁሰዋለህ፣ ይስቃል፣ ትስቃለህ፣ በሚቀጥለው ዙር ትበቀለዋለህ። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሹፌሮች ግን ማሽን ናቸው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ማሽኑ ሲቀደም ይፈጥናል፣ ሲቀድም ይዘገያል፤ ጎበዝ ሆነህ ብትርቀውም ተመልሶ ጀርባህ ላይ ነው። ልጁ ሦስት ዙር ሙሉ መርቶ ጫፍ ላይ ተመትቶ አምስተኛ ሲወጣ ማንን ይደቁስ? ስልኩን ይወረውራል። ስልኩ ደግሞ የኔ ነው፤ መስታወቱ ከጥግ ወደ መሐል ተሰንጥቋል።

ሳንቲሙስ? ልጆቹ ከጓደኛ ያስጫኑት አንዱ ጨዋታ አዲስ መኪና ለመክፈት ይህን ያህል ሳንቲም ይላል። ሳንቲሙ የሚገኘው ያንኑ መንገድ ሃያ ጊዜ በመንዳት ነው። ካልሆነ በባንክ ካርድ ከውጭ መግዛት ነው፤ የጁቤ ላይ ያ ካርድ በማን እጅ አለ? ካልሆነ ማስታወቂያ ማየት፤ ማስታወቂያው ደግሞ ዳታ ይበላል፣ ዳታው የኔ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከመጀመሪያዋ መኪና ጋር ዓመት ይከርማሉ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ጨዋታው መጀመሪያውኑ ለብቻ የታሰበ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ማሪዮ ካርት ቴሌቪዥኑን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ሰው ያጫውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ማሪዮ ካርት 64 ለአራት ከፈለው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የወጣው ክራሽ ቲም ሬሲንግም አራት ሰው ያጫውታል። ይኸው ስልካችን ላይ ያለው ቢች በጊ ራሱ ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን ለአራት ይከፈላል። አራት ልጅ፣ አራት ጆይስቲክ፣ አንድ ጩኸት፤ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ዳኛም አያስፈልግም። ለኛ የደረሰን ግን ያው ጨዋታ ተጨምቆ በአንድ መዳፍ ነው።

ታዲያ ጌም ቤት ውሰዳቸው ትሉኝ ይሆናል። ወስጃቸዋለሁ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከበሩ ጀምሮ የሚጋፋ ጎረምሳ፤ ያለውም ኳስ ብቻ ነው። ባለቤቱን የካርቱን መኪና የለህም ወይ አልኩት። «ጋሼ፣ እሱን ማን ይከፍልበታል? ኳስ በግጥሚያ ነው የማስከፍለው፤ ተሸናፊ ይነሣል፣ ሌላው ይቀመጣል» አለኝ። ልጁ እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ትንንሾቹስ የት ይሂዱ? ትልልቆቹ ስድስት ለዜሮ ሸኝተዋቸው በአንድ ግጥሚያ ገንዘባቸው አልቆ ከበር ቆመው ያያሉ።

መንገዱም ሁሉ የሰው አገር ነው። የባሕር ዳርቻ፣ እሳተ ገሞራ፣ ዳይኖሰር ያለበት ጫካ። የጎጃም ልጅ የሚያውቀው የአባይ በረሃን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ የክረምቱን ጭቃ፣ መሐል መንገድ የሚቆም በሬ፣ ሦስት እግር ባጃጅ ነው። ከዚህ የበለጠ የእሽቅድምድም መንገድ የት ይገኛል? የኛ ልጆች አይችሉም እንዳይባል፣ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት ኩኩሉ የሚባለውን ጨዋታ ሠርቶ ዶሮዋን ከገበሬ አስሩጧታል። መኪናው ላይ ሲደርስ ምነው ቀረ?

እርግጥ መኪናው ደጃችን ነበር። ትልቁ ልጅ ባለፈው ክረምት ከጋራዥ የተጣሉ ሦስት ኩሽኔታዎች ለምኖ አመጣ። ሁለቱን ከኋላ፣ አንዱን ከፊት በእንጨት ወጋቸው፤ ከላይ ጣውላ መታበት፣ ለመሪ ገመድ አሰረለት። ፍሬኑ ተረከዝ ነው። አንዱ ሲቀመጥ ሦስቱ ይገፋሉ፣ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ሦስቱም ከኋላ እየጮኹ ይሮጣሉ። አራት ልጅ በአንድ መኪና፣ እና አንድም ቀን ዳኛ አልሆንኩም። ግን ኮብልስቶኑ ኩሽኔታውን በሳምንት ፈጀው። አስፋልቱ ላይ ደግሞ አይሱዙ አለ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ክላክስ ሰምቼ ስወጣ ትንሿ ከመንገዱ ጠርዝ አቧራ ለብሳ ተነሣች። ጣውላውን የዚያኑ ዕለት ማጀት አስገባሁት። ስልኬን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ።

ትናንት ማታም መብራት ሄደ። ባትሪው ዘጠኝ ፐርሰንት ነበር። ትልቁ ነዳ፣ ሁለተኛዋ ነዳች፣ ሦስተኛው ኩርባው ላይ እያለ ስክሪኑ ጠቆረ። ትንሿ ተራዋን ስትጠብቅ አገጯን በመዳፏ እንደደገፈች እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አንሥቼ አልጋዋ ላይ ሳስተኛት ዐይኗን ሳትገልጥ «ጋሼ፣ ደረሰኝ?» አለችኝ።