ማጥፊያዬን መልሱልኝ

«ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ይለምዱታል።»

በዕድሜዬ ብዙ ውሸት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህች አንጀቴን ያሳረረኝ ግን የለም። ይህን የሚለኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር የተማረ፣ ጨዋ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ። ኮምፒውተሬን ሳያስፈቅደኝ «አፕዴት» ባደረገ ቁጥር ይቺን ጣል አድርጎብኝ ይወጣል። ለመሆኑ እኔ መልመድ መቼ አቃተኝ? ለምጄ ነበር እኮ! የነሳችሁኝ የለመድኩትን ነው!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጥፋቱም የፈረንጅ ስለሆነ።) ኮምፒውተሬን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ሊኑክስ ይባላል፤ ሊኑክስ ላይ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ነገር፣ ማለትም ሜኑው፣ መስኮቱ፣ ሰዓቱ፣ ራሱን የቻለ ሶፍትዌር ነው፤ ካላማረህ በሌላ ትቀይረዋለህ። ከእነዚህ አንዱ ግኖም ነው፤ ሚጌል ደ ኢካሳና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ሜክሲኳውያን በ1997 የጀመሩት። በ2002 የወጣው ግኖም 2 ነበር የኔ ቤት። ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ መስመር። ከላይ በግራ በኩል ሦስት ሜኑ፤ አንዱ ለፕሮግራሞች፣ አንዱ ለፎልደሮች፣ አንዱ ለማስተካከያ። ከታች የከፈትካቸው መስኮቶች ተሰልፈው ይጠብቁሃል፤ በስተቀኝ ጥግ ቆሻሻ መጣያው። በቃ። መነጽሬን ብረሳ እንኳ እጄ መንገዱን አይስትም ነበር።

እኔ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ የአባላት ስምና መዋጮ የምመዘግበው በአማርኛ ነው። በዚያን ጊዜ የሚጻፍበት ሣጥን ላይ ማውሱን በቀኝ ጠቅ ካደረግህ የመጻፊያ ዘዴዎች ዝርዝር ይመጣል። በፈረንጅ ፊደል ተራው «ኤ» ነውና ከቋንቋዎቹ ሁሉ ቀድሞ የተቀመጠው አማርኛ ነበር፤ ትግርኛም ወረድ ብሎ አለ። በሄልሲንኪም በቦነስ አይረስም ግኖም የሚጠቀም ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ አማርኛን ከላይ ያየው ነበር። ቆይቶ ያ ዝርዝር ከሜኑው እንዲሰወር ተደረገ። ማንን ቢያስቸግር ነው?

ዋንዳ የምትባል ዓሣም ነበረች። መስመሩ ላይ ትዋኛለች፤ ስትነካት አንድ አባባል ትወረውርልሃለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ሠሪዎቹ ራሳቸው «ምንም አትጠቅምም» ብለው ጽፈውባታል። ኤፕሪል 1 ቀን ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ትንሳፈፋለች፤ ፈረንጆች በዚያ ቀን መዋሸት ተፈቅዶላቸዋልና። ምንም የማትጠቅም ዓሣ ቦታ ያገኘችበት ቤት እንዴት ያለ ቤት እንደነበር አስቡት።

ከዚያ ኤፕሪል 2011 መጣች፤ ያቺ ወር አንድ ቀን ትጠየቃለች። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ሲዲውን ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነጻ ሲልክ ኖሮ በቃኝ ያለው በዚያች ወር ነው። በዚያችው ወር ግኖም 3 ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ደግሞ ኡቡንቱ 11.04 ዩኒቲ የሚባል የራሱን ገጽ አንጠልጥሎ መጣ። ምነው ሸዋ! ሁሉንም በአንድ ወር?

ግኖም 3 ምን አደረገ? የታችኛውን መስመር አነሳው። መስኮት ዝቅ የሚደረግበትንና የሚሰፋበትን ቁልፍ ከጥጉ ነቀለ። ያረጀ ኮምፒውተር ያለው ሰው ደግሞ የግራፊክስ አቅም የለህም ተብሎ ወደ ማረፊያ ገጽ ይገፋል፤ እሱንም በ2013 አነሱት። ይህ ሁሉ ለተጠቃሚው ሐሳብ እንዳይበተን ነው አሉ። የኔን ሐሳብ የበተነው ቁልፉን ፍለጋው ነው።

ግን ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ማጥፊያውን ነው። ሜኑውን ስትከፍት ኮምፒውተሩን «አንቀላፋ» ማለት እንጂ «ጥፋ» ማለት የለም። ከልብህ ማጥፋት ከፈለግህ «አልት» የሚባለውን ቁልፍ ተጭነህ ስትይዝ «አንቀላፋ» የነበረው «ጥፋ» ይሆናል! ስኳር አለ ወይ ስትለው «የለም» የሚልህ፣ ግራ እግርህን መድረኩ ላይ ስታሳርፍ ግን ኪሎውን የሚመዝንልህ ባለሱቅ ቢኖር ምን ትለዋለህ?

መብራት የማይጠፋበት አገር የሚኖር ሰው ይህን ቢያስብ አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ ግን መብራቱ እልም ሲል ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ማለት ይጀምራል። ባትሪው አርጅቷል፤ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ አያስጨርስም። በዚያች ቅጽበት ሰው የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ «ላንቀላፋ?» ይላል። ባትሪው ሲያልቅ ሴቭ ያልተደረገው የእድር ሒሳብ አብሮት ያሸልባል። ማጥፊያውን ወደ ሜኑው የመለሱት ዓመት ከመንፈቅ ቆይተው በ3.6 እትም ነው። ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን የለም።

«የድሮ ሰው ስለሆኑ ነው» እንዳትሉኝ። ሊኑክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በዚያው በ2011 ግኖም 3ን በአደባባይ ሰድቦ ኤክስኤፍሲኢ ወደሚባለው ገጽ ሸሸ። ከዚያ በፊት ኬዲኢ የሚባለው ሌላው ገጽ በ2008 አራተኛ እትሙን ጥሬውን ሲያቀርብ፣ ከእሱም ሸሽቶ ነበር ግኖም 2 የገባው። የሊኑክስ ባለቤት ከቤት ቤት ሲንከራተት እኔ ማነኝ? እርግጥ በ2013 ቶርቫልድስ ልዩ ልዩ ማሟያ ለጥፎበት ወደ ግኖም 3 ተመለሰ። የዚያን ጊዜ ገና 43 ዓመቱ ነበር፤ ልጅነት ነው።

አሁን ወደዚያች «ይለምዱታል» ልመለስ። ዩኒቲን ኡቡንቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን አስለመደው። ስንቱ አኩርፎ፣ ስንቱ አልቅሶ ለመደው። በኤፕሪል 2017 (አሁንም ኤፕሪል!) የኡቡንቱ መሥራች ማርክ ሻትልወርዝ ዩኒቲን ትተነዋል ብሎ አወጀ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው 17.10 ወደ ግኖም ተመለሰ። እንግዲህ የለመደው ሰው ምን ይሁን? እንደገና ይልመዳ! መልመድ ዋጋ ያለው የተለመደው ነገር ሲቆይ ነው። ከሠሪዎቹ ቀድሞ የሚሰለች ተጠቃሚ አላየሁም፤ እነሱ በሰለቻቸው ቁጥር የምንከፍለው ግን እኛ ነን።

ደግነቱ ይህ ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ኮዱን አንስቶ መቀጠል ለማንም የተፈቀደ ነው። በ2011 ፐርቤሮስ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ አርጀንቲናዊ የተጣለውን ግኖም 2 አነሳና ማቴ አለው። ከአዲሱ ጋር እንዳይጋጭ የፕሮግራሞቹን ስም ለወጠ፤ መልኩን ግን አልነካም። ሁለቱ መስመሮች በቦታቸው፣ ሦስቱ ሜኑዎች በቦታቸው፣ ማጥፊያው በቦታው። ዋንዳ እንኳ አልተባረረችም። እኔም ጠቅልዬ ወደዚያ ተመለስኩ።

የእህቴ ልጅ ይስቃል። «ጋሼ፣ ሙት ሶፍትዌር ነው እኮ የሚጠቀሙት።» ሙት? ማቴ በ2017 በ1.18 እትሙ የተሠራበትን መሣሪያ ከጂቲኬ 2 ወደ ጂቲኬ 3 ሙሉ በሙሉ ቀይሯል። ውስጡን እንዳለ ለወጡት፤ እኔ ቁልፍ ፍለጋ አልወጣሁም። መለወጥስ እንዲህ ነው! ለውጥን ማን ጠላ? ሠሪው ይድከም እንጂ እኔ ለምን እደክማለሁ?

ለማንኛውም በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ የደንብ ማሻሻያ አቀርባለሁ፦ «የእድሩን ኮምፒውተር ጸሐፊውን ሳያስፈቅድ አፕዴት ያደረገ 200 ብር ይቀጣል።» የሚቃወም አይኖርም። የእህቴ ልጅ ይቃወም ይሆናል፤ እሱ ግን የሦስት ወር መዋጮ ስላለበት ድምፅ የለውም። መዝገቡ እኔ ጋ ነው።