እየጨፈርሽ ምን ያስጨንቅሻል?

አንዲት ተወዛዋዥ ወዳጄ እንቅልፍ እንደራቃት፣ ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል ልቧ እንደሚደልቅ፣ ያለ ምክንያት እንባ እንደሚመጣባት በተናገረች ቁጥር፣ አጠገቧ ያለ ሰው ሁሉ የተማከረ ይመስል አንድ ነገር ይላታል፦ «አንቺ ደግሞ! እየጨፈርሽ እየኖርሽ ምን ያስጨንቅሻል?» አክስቷ ብላታለች። የምትሠራበት የባህል ምሽት ቤት ባለቤት ብሏታል። ታክሲ ውስጥ ወሬ የጀመራት መንገደኛ ሳይቀር ብሏታል። ይህን ስሰማ ጥርሴን ሳፋጭ ኖሬአለሁ። አሁን ግን እጄን ሰጥቻለሁ። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ አፍ የሚመሰክርለት መድኃኒት እንዴት ሐሰት ይሆናል? ይልቅ የሚቆጨኝ አገር እንዲህ ያለ ፈውስ ይዞ ዝም ማለቱ ነው።

እስቲ አስቡት። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ስንቱን መከራ ተሸከመ! አልጋው፣ ኪኒኑ፣ ቀጠሮው፣ ወረፋው፤ ሁሉም ከንቱ ወጪ። የሚያስፈልገው ሁለት ከበሮ፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራርና ጠንከር ያለ ወለል ብቻ ነበር። በሽተኛው ካርድ ያወጣል፤ ተረኛው ሐኪም ምን እንደሚሰማው ሳይጠይቅ ትከሻውን ይዳብስና ማዘዣ ይጽፍለታል። ድባቴ ለያዘው ጉራግኛ፣ ጠዋትና ማታ፣ ላብ እስኪያጠምቀው። ሐሳብ ለሚዞርበት ትግርኛ፣ እሱም ከሐሳቡ ጋር አብሮ እንዲዞር። ሌሊት ለሚባንን የጎንደር እስክስታ፤ ተኝቶ ትከሻው ቢርገፈገፍ ቤተሰብ እንዳይደነግጥ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ሕመሙ ለጠናበት የወላይታ፤ ወገቡ ሲላቀቅ ጭንቀቱም ይላቀቃል። በዚህ ሁሉ ያልተሻለው ሪፈር ተጽፎለት ሠርግ ቤት ይላካል። እዚያ እስኪነጋ ይጨፍራል፤ ሙሽሮቹ ቢሄዱ፣ ድንኳኑ ቢነቀል እንኳ ሕክምናውን ሳይጨርስ አይለቀቅም። ወለምታ ቢደርስበት የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ የትኛው መድኃኒት የለውም? የአእምሮ ሐኪሞቹም ሥራ አይፈቱም፤ ዲግሪያቸውን አስረክበው ከበሮ ይመታሉ። ነርሶቹ ያጨበጭባሉ። መዳኑ የሚታወቀው ደግሞ በደም ምርመራ አይደለም፤ በጥርስ ነው። ሐኪሙ መድረክ ሥር ቆሞ ያያል። የፊት ጥርሱ ከታየ ተሽሎታል፤ መንጋጋው ከታየ ድኗል፤ ከንፈሩ ከገጠመ መጠኑ ይጨመርለታል።

የጥርሱን ምርመራ እኔ አልፈጠርኩትም። በምሽት ቤቶቻችን ከጥንትም ያለ ነው። ተወዛዋዧ የጎጃሙን ጨርሳ፣ መልበሻ ክፍል ሮጣ፣ ልብስ ቀይራ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ የኦሮምኛውን ስትጀምር ከመድረኩ ጎን «ፈገግ በይ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እናቷን ቀብራ የተመለሰችም ያው ነው የምትባለው። ሐዘኗን ከጥቁር ልብሷ ጋር መልበሻ ክፍል ሰቅላ ትወጣለች። ወንዱማ ጭንቀት ያዘኝ ቢል «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ?» ተብሎ በአንድ ጊዜ ሁለት ሕመም ይዞ ይመለሳል። ጉልበቷ ካበጠ ትጨፍርበት፣ ይፍታታል። ኪሎ ከጨመረች ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ረድፍ ወደ ቤቷ። ብር ግንባሯ ላይ የሚለጥፈው እንግዳ እጁ ከግንባሯ ወደ አንገቷ ቢወርድም ፈገግታው አይታጠፍም፤ ከእራቱ ሒሳብ ጋር ተከፍሎበታል።

የታመመን ሰው ሳቅ ብሎ ማዘዝ ጭካኔ ነው። ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሳይንሱም ከእኛ ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኪነ ጥበብና ጤና ያወጣው ሰነድ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አገላብጦ፣ ጭፈራም ለአካልና ለአእምሮ እንደሚበጅ አስፍሯል። እልል በሉ! ብቻ ደስ ሲለው ተነሥቶ የሚጨፍር፣ ሲደክመው የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ደስ ባይላትም የምትነሣ፣ ቢደክማትም የማትቀመጥ ደግሞ አለች። ለሁለተኛዋ መድረኩ እንጀራዋ ነው። ጭፈራ የያዘ አይጨነቅም ካልን፣ ባንክ ቤት ሲቆጥር የሚውለው ገንዘብ ያዥ ሁሉ ከበርቴ ነው ማለት ነው።

ሩሲያዊው የባሌት ተወዛዋዥ ቫስላቭ ኒጂንስኪ ይህን ምክር ሳይሰማ ቀረ። ሲዘል አየር ላይ የሚቆይ ይመስል ነበር ይባልለታል። ጭፈራ የሚያድን ቢሆን ቀድሞ መዳን የነበረበት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1919 ስዊዘርላንድ፣ ሴንት ሞሪትዝ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት ጨፈረ፤ ገና 30 ዓመት አልሞላውም። በዚያው ዓመት ዙሪክ ውስጥ ሐኪሙ ኦይገን ብሎይለር ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ መሆኑን ለየ። እ.ኤ.አ. በ1950 እስኪሞት ድረስ የአእምሮ ሆስፒታል ሲገባና ሲወጣ ኖረ። ምናልባት ፈገግ ማለት ረስቶ ይሆናል።

ከእኛም ሰው እንጥቀስ። እስክስታን ባሕር ማዶ ያሻገረው መላኩ በላይ በወጣትነቱ ካዛንቺስ፣ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለሽልማት ብር ብቻ ይጨፍር እንደነበር፣ ሌሊቱንም እዚያው ባንኮኒ ሥር ያድር እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ብር የሚለጥፍ እንግዳ ትከሻውን ያያል እንጂ ልጁ የት ያድራል ብሎ አይጠይቅም። ጨፋሪ የት እንደሚያድር ምን ይጠየቃል? ደስታ ውስጥ ነዋ!

የወዳጄ ቀጣሪ አንድ ጊዜ ሐኪም ጋ ልሂድ ብላ ብታስፈቅደው «ለሳቅ ነው የምከፍልሽ» አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። እኔ ግን ሆዴ አልፈጀውም።

ስለዚህ ለምሽት ቤት ባለቤቶች ሽሙጡን ትቼ በቀጥታ ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አዋጁ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል እንጂ የታመመው ጉልበት ነው ወይስ አእምሮ ብሎ አይለይም። ውሉን በጽሑፍ አለመስጠታችሁም ልጅቷን ሠራተኛ ከመሆን አያወጣትም። የሐኪም ወረቀት ይዛ ስትመጣ ተቀበሏት፤ የወሩን ደመወዟንም አትቁረጡባት።