ይድረስ ለአሜሪካ ኮንግረስ፤ ከኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ 10 ዓመቱ እገዳ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮንግረስ አባላት፣ እናንተ ያሳደጋችኋቸውን ልጆች እየተቀበልን ነው።

እንበልና በ4 ዓመቱ ከእናቱ ጋር በጉብኝት ቪዛ ገብቶ፣ ቪዛው ሲያበቃ እዚያው ቀርቶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ ልጅ በ20 ዓመቱ አያቱን ሊጦር ኮልፌ አጣና ተራ መጣ። ሰፈሩ «ዲያስፖራው» ይለዋል፤ የቤት ኪራዩም በዚሁ ማዕረግ ተጨምሮበታል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ዲያስፖራ ቢጫ ካርዱን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ይዞ ይንጎራደዳል። ይሄኛው ግን ኢትዮጵያዊ ብቻ ስለሆነ መታወቂያ ሲጠይቅ «ከነበርክበት ወረዳ መሸኛ አምጣ» ይባላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወረዳ ስንት እንደሆነ ብትጠቁሙን።

ወደ ምስጋናው ልግባ። በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣችሁት ሕግ ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣን 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየን 10 ዓመት እንዳይመለስ ያግዳል። ርኅራኄያችሁ አይካድም፤ ከ18 ዓመት በታች የኖረው አይቆጠርበትም። ቆጠራው የሚጀምረው የ18ኛ ዓመት ኬኩን የቆረሰ ዕለት ነው። በዚያው ሰሞን ሻንጣውን ሸክፎ ቢወጣ ነጻ ነበር፤ ሞኝ ነውና 12ኛ ክፍልን ልጨርስ አለ።

ይበልጥ የደነቀን እገዳው የሚጸናው በሚወጣው ላይ መሆኑ ነው። ተደብቆ የተቀመጠውን አይነካም፤ በገዛ እግሩ የሄደውን ይይዛል። በ2025 ደግሞ መንግሥታችሁ በስልክ መተግበሪያ ተመዝግቦ በፈቃዱ ለሚወጣ 1,000 ዶላርና የጉዞ ወጪ እከፍላለሁ አለ። እንግዳን ስንቅ አስይዞ ሸኝቶ ከኋላው መቀርቀሪያ መወርወር በኛ አገር ነውር ነው፤ እናንተ ዘንድ ፖሊሲ ነው።

አማራጭ ግን አልነፈጋችሁትም። ዜጋ የሆነች ወይም ግሪን ካርድ ያላት ሚስት ወይም ወላጅ ካለችው፣ በመለየቱ ከባድ መከራ እንደሚደርስባት አስረድቶ እገዳው እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል። እናቱ እንደ እሱ ወረቀት የላትምና የእሷ ዕንባ አይመዘንም። ዲቪ? ምዝገባው ሲከፈት አየር ጤና ያለ ኢንተርኔት ቤት ይሞላለታል፤ ቢደርሰውም እገዳው ይጠብቀዋል። የተማሪ ቪዛ ቢያምረው ለእገዳው ልዩ ፈቃድ ማግኘቱ ሳያንስ፣ እናቱና ጓደኞቹ በሙሉ ሜሪላንድ እያሉ፣ ኮልፌ የሚመልሰኝ ነገር አለኝ ብሎ ቆንስሉን ማሳመን አለበት። 10 ዓመቱን ቢጨርስስ? እገዳው ያበቃል እንጂ ቪዛ አይሰጠውም። ለእንዲህ ያሉ ልጆች የታሰበው ድሪም አክት በ2001 ቀርቦላችሁ እስካሁን ረቂቅ ነው፤ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ወልዶ ነበር።

ለኮልፌ ወረቀት የሌለው እንግዳ ብርቁ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ያለ ፓስፖርት ከአገራቸው ወጥተው እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ኢትዮጵያም ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ፓስፖርት ሰጥታቸዋለች። እናንተ እሳቸውንና የፓርቲያቸውን የኤኤንሲን ጓዶች ያለ ልዩ ፈቃድ አታስገባ የሚለውን ክልከላ ያነሳችሁት በጁላይ 2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰውዬው 90 ሊሞላቸው ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀራቸውም ነበር። ያኔ አንድ አጭር ሕግ በቅቷል።

የአጣና ተራውን ልጅ እስከ 90 ዓመቱ አታቆዩት። በልጅነቱ ያለ ምርጫው የገባን ሰው ከ10 ዓመቱ እገዳ የሚያወጣ አንድ አንቀጽ ጨምሩልን።