አጥር ስላለው ባሕር የተደረገ መጠነኛ ጥናት

ላጉን ማለት አጥር ያለው ባሕር ነው። እኔ ባየሁት ላጉን አጥሩን ያጠሩት ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ ማዕበሉ እዚያ ተሰብሮ ይቀርና ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጨዋ ውሃ ብቻ ይሆናል። ጥናቱ የተካሄደው በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጃምቢያኒ በሚባል መንደር ነው። የናሙናው ብዛት 1 ነው፤ እሱም እኔ ነኝ፦ ደገኛ፣ ዋና የማልችል፣ ከጠበል በቀር ቀዝቃዛ ውሃ ደፍሬ የማላውቅ።

የመጀመሪያው ግኝት ባሕሩ አለመኖሩ ነው። ሙሉ ጨረቃ በወጣች ማግስት፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስወርድ ውሃው አጥሩ ድረስ ሸሽቶ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። በዚህ ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፤ ዳርቻው ደግሞ እንደ ምጣድ ዝርግ ነው። ባለጀልባው «ሳአ ኩሚ ኑ» አለን፤ ኩሚ ዐሥር ነው። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ስለሆነ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። አንድ ፈረንሳዊ አዛውንት ግን በእሳቸው ሰዓት ልክ ዐሥር ሆኖ ነበርና መነጽራቸውን አጥልቀው ጭቃው መሀል ቆሙ። አገራችን በባሕር ሳይንስ ያስመዘገበችው ብልጫ ይኸው ስለሆነ ሳላሳጥር ጽፌዋለሁ።

ባሕሩ በሌለበት ሰዓት ባሕር ውስጥ የሚውሉት ሴቶቹ ናቸው። ካንጋ የሚሉትን ጨርቃቸውን እንደታጠቁ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው፣ በችካል በተወጠረ ገመድ ላይ የተከሉትን የባሕር አረም ይለቅማሉ። ከአረሙ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። ስንቀመጥ ስንነሳ አዩን፤ አንዷ ሳቀች። አንዳቸውም ሲዋኙ አላየሁም።

ሰዓቱ ደረሰና የውሃ መነጽርና ስኖርክል የሚባል መተንፈሻ ቱቦ ተሰጠኝ። አሪስቶትል የዝሆንን ኩምቢ ከጠላቂዎች መተንፈሻ ጋር አመሳስሎታል፤ የእኔው ግን ከክንድ ያጠረ ነው። ረጅም ቢሆን የተነፈሱት አየር ቱቦው ውስጥ እየቀረ መልሰው እሱኑ ይስባሉ፣ ጠለቅ ካሉም የውሃው ክብደት ደረት አላላውስ ይላል። በመነጽሩ መስተዋት የሚታይ ዓሣ ደግሞ ከልኩ በሲሶ ያህል ይገዝፋል። አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ የሚጨመረው ሲሶ የዚህ ጥናት አካል አይደለም።

በግንባሬ ተደፍቼ አየሁ። በቀቀን የሚሏት ባለ ምንቃር ዓሣ ኮራሉን ቀርጨም ቀርጨም ታደርጋለች፤ ድምፁ ቆሎ እንደሚበላ ጎረቤት ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ ከኋላዋ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ለቀቀች። አሸዋ ነው። ትልልቆቹ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ያወጣሉ። ሙሽሮች ተጋድመው ፎቶ የሚነሱበት ያ ነጭ አሸዋ ከፊሉ ከየት እንደመጣ ለሙሽሮቹ አልነገርኳቸውም።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ ቱቦው ውሃ ገባው። ጨው ጠጣሁ፣ እጄን አወራጨሁ፣ የአገሬን ታቦታት በየተራ ጠራሁ። ባለጀልባው ከላይ ሆኖ «ሲማማ! ሲማማ!» ይላል። የሰመጠ ሰው የሚሸኙበት ቃል መስሎኝ ይብስ ተወራጨሁ። በመጨረሻ ክንዴን ይዞ ቀና አደረገኝ፤ ውሃው እምብርቴ ላይ ነበር። ሲማማ «ቁም» ማለት ነው።