ዝባድ በጠርሙስ

ከባሕር ማዶ የመጣ የአጎቴ ልጅ፣ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ከሐር ጨርቅ ውስጥ እንደ ንዋየ ቅድሳት ገልጦ፣ «ጋሼ፣ ይህ ለጥቂቶች ብቻ የሚቀመም ሽቱ የካፋን ደን መንፈስ የያዘ ነው» ባለኝ ጊዜ፣ ቦንጋ ተወልዶ ያደገው አፍንጫዬ በትሕትና ቀረበ፤ ያገኘውም የሎሚ ልጣጭና የዋጋው ግርማ ነበረ።

እኔ የማውቀው የደናችን መዓዛ ግን፣ ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው ባንድነት የሚፈነዳው የቡና አበባ፣ ኮረሪማው፣ የጫካው ማርና የረጠበው አፈር ተዋሕደው የሚያጥኑት ነው። ከዚህም ሌላ ለአፍንጫ የማይራራው ጥርኝ አለ። በጠባብ የእንጨት ጎጆ ታስሮ እየተቀለበ ከጅራቱ ሥር የሚጠረገው ቅባት፣ ዝባድ ተብሎ፣ በከብት ቀንድ ታሽጎ፣ በሲራራ ነጋዴዎች እጅ ወደ ባሕር ሲወርድ ኖሮ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከሻኔል ቁጥር 5 ጋር ሳይቀር በፓሪስ ወይዛዝርት አንገት ላይ ዐርፏል። ንጹሑ ዝባድ፣ በአክብሮት ልናገርና፣ እንደ መጸዳጃ ቤት ይከረፋል፤ እጅግ ሲቀጥን ግን የገነት አበባ ይሆናል (አንዳንድ ሹማምንትም ከሩቅ የሚያምሩት በዚሁ ሕግ ሳይሆን አይቀርም)።

«ታዲያ ዝባድ አለበት?» አልሁት።

«ኧረ በፍጹም! በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው።»

«ቡናስ?»

«የቡና ሐሳብ አለበት።»

እኔም በሐሳብ አመሰገንሁት።