ከአማት፣ ከልጅና ከአያ ጅቦ ጋር

ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ፣ ዐሥር ቀን ሰንብቶ፣ አንገቱ ሳይቆረጥ በመውጣቱ ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። መንገዱን የአረብ ነጋዴ መስሎ ነበር የመጣው፤ ሲመለስም መጽሐፍ ጽፎበታል። ጀግንነቱን አልነፍገውም። ግን አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ፤ በርተን ልጅ አልያዘም። ያኔ ገና አላገባምና አማትም አላስከተለም።

እኔ ሚስቴን፣ ሁለት ልጆቼንና ከጎጃም ለጥየቃ መጥተው «እስቲ እኔም አገር ልይ» ያሉ አማቴን፣ እማማን፣ ይዤ ነው የሄድኩት። ባቡሩ ግንቦት ውስጥ ድሬዳዋ አወረደን። የግንቦት ድሬዳዋን ላላየ ማስረዳት ድካም ነው፤ ልጆቹ ከመውረዳቸው ውኃ ጨረሱ። እማማ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ናቸው። «ያውልቁት እንጂ» ብንላቸው «ፀሐዩን የሚመልስልኝ ማን ሊሆን ነው?» ብለው እምቢ አሉ። የሚኒባሱ ረዳት መጣና «እናት፣ አንቺ ፊት ግቢ፣ አቦ!» አላቸው። እማማ እንደታዘዙት ገቡና ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «ይህ ልጅ ከየት ያውቀኛል?» አሉኝ። ድሬና ሐረር ላይ አንቱ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሽማግሌውም አንተ፣ አሮጊቷም አንቺ ናት፤ ንቀት የለበትም። ይህን ለእማማ ለማስረዳት የደንገጎን ዳገት ሽቅብ እስክንጨርስ ፈጀብኝ።

ደንገጎ ጠመዝማዛ ነው፤ ትንሹ ልጄ ደግሞ ጠመዝማዛ አይወድም። ደርቆ ከብት ሲግጥበት የከረመው የሐሮማያ ሐይቅ እንደገና ውኃ ይዞ ብቅ ሲል ደስ ብሎኝ «አያችሁ ልጆች፣ ይህ ሐይቅ ጠፍቶ የተመለሰ ነው፤ የሐረርን ሕዝብ ውኃ ያጠጣ የነበረው እሱ ነው» ብዬ ስጀምር ትንሹ ፌስታሉን ሞላው። በዚህ ዓይነት ከሐሮማያ ታሪክ ቀጥታ ወደ አወዳይ ጫት ገበያ ግርግር ገባን።

ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ከድሬ ትቀዘቅዛለች የሚሉት እውነት ነው። በእኩለ ቀን ልጅ አዝሎ በግንብ የታጠረችውን የአሮጌዋን ከተማ የጀጎልን ዳገት የወጣ ሰው ግን ይህን አይመሰክርም። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ክንድህን ብትዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ ያስነካሃል፤ ፀሐዩ ከኖራው እየነጠረ ዓይን ይወጋል፤ አህያ ሲመጣ ሰው ግድግዳ ይለጠፋል፤ ሞተር ሲመጣ አህያውም ይለጠፋል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት በዚህች 48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊድ እንዳለ ጽፏል። ልጅ በድንገት «ሽንቴ መጣ» ሲል መሸሸጊያ ጥጋት ስለመኖሩ ግን የጻፈው የለም። የኛው እንዲህ ብሎ ሲቁነጠነጥ አንዲት የማናውቃቸው እናት የግቢያቸውን በር ከፍተው፣ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ፣ እጁን ይዘው አስገቡት። ሲወጣ እጁ ታጥቧል፣ በጉንጩም ከረሜላ ይዟል። ስለ ሐረር ሰው ደግነት ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ያረፍነው ግንቡ ውስጥ ካሉት የሐረሪ ቤቶች በአንዱ ነው። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ትልቁ ክፍል ከፍና ዝቅ ባሉ አምስት መደቦች የተከፈለ ነው፤ ነደባ ይሏቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ የአባወራው መቀመጫ አሚር ነደባ ነው። ልጆቹ ሥርዓቱን በአንድ አፍታ አፈረሱት፤ ከነደባ ነደባ እየዘለሉ ቆይተው ትንሹ አሚር ነደባ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተሰየመ። ተቆጥቼ ልነሣ ስል ባለቤቲቱ «ተወው አቦ፣ ዛሬ አሚሩ እሱ ነው» አሉ። እማማ ግን ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነበር። «ምነው ቀዩ ቀለም በዛ?» ብለው ጠየቁ። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የወደቁትን ለማስታወስ ነው ይባላል፣ አሏቸው ሴትየዋ ቡና እየቀዱ። በዚያ ጦርነት ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ነው ከተማዋን የያዙት። እማማ ስኒያቸውን ይዘው ዝም አሉ። ቆይተው «ነፍስ ይማር» አሉ። ሴትየዋም «አሚን» አሉ፤ ወሬው ወደ ልጅ አስተዳደግ ዞረ።

አሁን ወደ አያ ጅቦ ልግባ። በእኛ ቤት ልጅ የሚተኛው በእሱ ነው። «አያ ጅቦ መጣልህ!» ይባላል፣ ብርድ ልብሱ ይሳባል፣ ፀጥታ ይሰፍናል። እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት። ትንሹ ሐረር መድረሳችንን እንደሰማ ሌላ አልጠየቀም፤ በዚያው ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ባጃጅ ይዘን ከግንቡ ውጭ ወጣን። እዚያ አካባቢ ዩሱፍ ሙሜ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጅብ ሲያበሉ ኖረው ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አውርሰዋል። ጅቦቹ በስማቸው ሲጠሩ ከጨለማው ይመጣሉ፤ ሥጋው አጭር እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ይሰጣቸዋል። እማማ ከባጃጁ አልወርድም ብለው በስመ አብን ደጋገሙ። ልጄ እንጨቱን በእጁ ያዘ። ጅቡ መጣ፣ ሥጋውን በጥንቃቄ ላጥ አደረገ፣ ሄደ። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «አባ፣ ይሄ ነው አያ ጅቦ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ከደስታው ይልቅ ትዝብቱ ይበዛ ነበር።

ሐረሮች ጅብ ከተማው ውስጥ የሚዞር ጂን ይውጣል ይላሉ፤ በአሹራም ገንፎ በቅቤ ሠርተው ያቀርቡለታል፤ ደኅና ከበላ ዓመቱ ደኅና ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። ሐረር ያውቁታል፣ ያነጥፉለታልም።

ከዚያ ምሽት በኋላ እኔ ያዘጋጀሁት ታሪክ ሁሉ ውኃ በላው። ራስ ተፈሪ የጫጉላ ጊዜያቸውን አሳለፉበት የሚባለውን፣ ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም የሆነውን ቤት ለትንሹ ሳሳየው «እዚህ ጅብ ይገባል?» አለ። የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤት ወሰድነው። ራምቦ ሐረር መጥቶ ቡናና ቆዳ ነግዷል፤ ያ ፎቅ ግን የሕንድ ነጋዴ ቤት ነው፣ እሱ እንዳልኖረበትም ይነገራል። ትልቋ ልጄ ይህን ሰምታ «ታዲያ የማይኖርበት ቤት እንዴት የእሱ ይባላል?» ብላ አስጎብኚውን አፋጠጠችው። እሱም «እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ አዋቂ ጠይቆኝ አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

ግንቡ ጋ ደረስን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት፣ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዙሪያ ያለው ግንብ ነው። ስለ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ላወራ ጉሮሮዬን ስጠርግ አስጎብኚው ከግንቡ ሥር ያለች ቀዳዳ አሳየን፤ ጅብ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻ በልቶ የሚወጣባት ናት። ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ዞር ከማለቴ የልጄ ጫማ ብቻ ቀዳዳዋ ውስጥ ሲወራጭ አየሁ፤ ከዚያ ጫማውም ጠፋ። አጎንብሼ «ና!» ብለው ከወዲያ ማዶ «አባ፣ አንተም በዚህ ና!» ይለኛል። በዚያች ቀዳዳ እኔ አይደለሁም፣ የእኔ ግማሽም አያልፍም። እማማ «ልጄን ጅብ በላው!» ብለው በእኩለ ቀን ጮኹ። ወደ ኤረር በር ሮጥኩ፤ የጀጎል መንገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አያስኬድም፤ አንድ ጊዜ ሰው ግቢ፣ አንድ ጊዜ መስጊድ በር ላይ ጣለኝ። በመጨረሻ ላቤ ጠብ እያለ ከበሩ ስወጣ፣ ጫትና እንጨት የሚሸጡ ሴቶች መሐል ተቀምጦ ሙዝ ይበላል። አንዷ «ያንተ ነው? በጅቡ በር ነው የወጣው!» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። በርተን ከነጉራው የገባው በሰው በር ነው።

ሳምቡሳውን ደግሞ ሳልነግራችሁ አልቀርም። ጊድር መጋላ፣ ሥጋ ተራው አጠገብ፣ ትልቋ ራቧት ከአንዲት ሴት ትኩስ ሳምቡሳ ገዛን። እማማ «ምስር ነው ሥጋ?» አሉ። ልጅቱ አንዴ ገምጣዋለችና «ሥጋ» አለች። ሥጋው የእስላም ነው የክርስቲያን፣ ወይስ ጭራሽ የግመል የሚለው ምርመራ ሊከፈት እማማ አፋቸውን ሲያላቅቁ ከሰማይ ጭልፊት ወረደና ሳምቡሳውን ከእጇ ነጥቆ ሄደ። እጇን አልነካትም፤ ሙያውን የሚያውቅ ነው። ጭልፊቶቹ እዚያ ገበያ ላይ ሲያንዣብቡ ነው የሚውሉት፤ ሥጋ በመዳፉ ዘርግቶ የሚያበላቸው ጎብኚም አለ። ልጅቱ አለቀሰች፣ ሻጯ ሌላ ጨመረችላት፣ ይኼኛው የምስር ሆነ። እማማ ሰማዩን አይተው «እግዜር ያውቃል» አሉ። የበላችውን ጉርሻ ማንም አላነሣባትም።

አሁን አዲስ አበባ ነን፤ ልጁን የሚያስተኛ ጠፍቷል። «አያ ጅቦ መጣ» ሲባል «ሥጋ አለን?» ይላል። ስለዚህ ልጅ ይዘህ ሐረር የምትሄድ ወገኔ ሆይ፣ ውኃ ያዝ፣ ሳምቡሳ ስትገዛ ሽቅብ እይ፣ ግንቡ ጋ ስትደርስ የልጅህን እጅ አትልቀቅ፤ ጅቡን ግን ለመጨረሻው ምሽት አቆየው።