በሳህን ውስጥ ያለ ዋርካ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ዘንድሮ ግን መስከረም እስኪደርስ እንኳ አልታገሠኝም። የልጄ ልጅ ዋርካ በሸክላ ሳህን ተክሎ መስኮቴ ላይ አስቀመጠ። ዋርካ እኮ ነው የምላችሁ! በእኛ በጎጃም ዋርካ ማለት ገበያተኛ ከነአህያው የሚጠለልበት፣ ባላገር የወሰን ክርክሩን የሚጨርስበት፣ ደም የሚደርቅበት፣ እናቶች ቅቤ ቀብተው፣ ቡና አፍልተው አድባሩን የሚለማመኑበት ነው። የእኔ ቤት ዋርካ ሥር ግን ዶሮ ብትጠለል ጭራዋን ፀሐይ ይመታዋል።

ችግኙን ያገኘው ከድንጋይ አጥር ስንጥቅ ውስጥ ነው። ዋርካ እንዲህ ነው፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ኩሷን በጣለችበት፣ ግድግዳም ይሁን የሌላ ዛፍ ግንድ፣ አፈር ስጡኝ ሳይል ይበቅላል። ይህን ጀግና ነቅሎ ዋና ሥሩን ቆረጠው። ምነው ብለው፣ «አባባ፣ ሥሩ ወደ ታች ከሄደ ሳህኑ አይችለውም፤ ወደ ጎን ይዘርጋ» አለኝ። ቅርንጫፉን ሲከረክመው ነጭ ወተቱ ዠቅ አለ። እሱ ምን ገዶት! በጨርቅ ጠርጎ ሽቦ አመጣ። ወጌሻ እጅ እንደሚያስር ቅርንጫፉን ጠምጥሞ አጎበጠው። ወጌሻስ የሚያስረው የተሰበረውን ነበር። ሽቦው ልጡን ሳይበላው መፈታት አለበት ብሎ፣ ማለዳ ማለዳ የእኔን መነጽር አድርጎ ይመረምረዋል። እኔ ዳዊቴን በዳበሳ እደግማለሁ።

ይህም አልበቃው ብሎ አለበሰው። ክረምት ሲሆን ጥላ ቦታ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ለስላሳ አረንጓዴ ታውቁታላችሁ? እሱን ከወንዝ ዳር በቢላ ጫፍ ስስ አድርጎ ልጦ፣ በፌስታል ሞልቶ መጣ። የሳህኑን አፈር አርሶ፣ ቁራጩን ከቁራጭ አጋጥሞ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። ግንዱ ላይ ግን እንዳይወጣ ይከለክለዋል፤ እርጥበት ይይዝበታል አለ። ጥቅሙ ምንድን ነው ብትሉ፣ ውሃ ሲጠጣ አፈሩ እንዳይጠረግ ነው፤ ቶሎ እንዳይደርቅም ነው። ጣጣው ደግሞ ላዩ ለምልሞ እያየነው ሥሩ ሊጠማ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጣት እየሰደዱ አፈሩን መዳበስ ያስፈልጋል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ጣት የሚሰድደው ማን ሆነና? በፀጉር ቤት መርጫ ፍስስ የሚያደርገውስ? ለእኔ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለመስጠት ግን «አባባ፣ ማድጋው አጠገብዎ ነው» እባላለሁ።

የሌሊቱንም ነገር ስሙ። የምንኖርባት ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኅዳርን ብርድ ለሚያውቅ አይነገርም። ዋርካ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከበረደው ቅጠሉን ያረግፋል። እናም ማታ ማታ ጋቢዬ ከላዬ ተገፍፎ ሳህኑ ይጠቀለልበታል። የማረግፈው ቅጠል ስለሌለኝ መሰለኝ ለእኔ የሚሰጋ የለም።

ብቆጣው ጊዜ የሩቅ ምስክር ጠራ። ጥበቡ ከቻይና ወደ ጃፓን የተሻገረ ጥንታዊ ነው፤ ቦንሳይ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሳህን ያደገ አንድ የጃፓን ጥድ አለ አለኝ። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከግንብ አጥር ጀርባ ነበርና ተረፈ። በ1976 ባለቤቶቹ ቦምቡን ለጣለችው ለአሜሪካ በስጦታ ሰጧት፤ ዛሬ ዋሽንግተን ይታያል። ቂም አለመያዛቸውን አደነቅሁ። ግን አራት መቶ ዓመት ኖሮ አንድ ሽማግሌ ያላስጠለለ ዛፍ፣ ዕድሜውን ምን አደረገበት?

አገር እኮ ሌላ ነገር ነው የሚለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት አወጀ። ሕዝብ ዛፍ ይደግልን ብሎ ዶማ ሲያነሳ፣ የእኔው ጉድ እንዳያድግብኝ ብሎ መቀስ ያነሳል። ይህን ስለው ቀና ብሎ፣ «የት ልትከለው አባባ? የምከራየው አንድ ክፍል ነው የሚሆነው» አለኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ማሳው ባሕር ዛፍ ሆነ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ለበሰ፣ ግቢው ተሸንሽኖ ቆርቆሮ ታጠረበት። ዋርካ ክንዱን የሚዘረጋበትን መሬት ያጠበበው ይህ ልጅ አይደለም። ሳህኑን የሰጠነው እኛው ነን። ዛፍ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ይሉ የለ? እምቧጮስ ቢሆን መሬት ይፈልጋል።

ቢሆንም ዝም ብዬ ጣቴን ስሰድድ አልኖርም። ሽምግልና የምንቀመጥበት ዋርካ ከጠፋ ዋርካውን ታቅፌ እሄዳለሁ። የሚቀጥለው የወሰን ጠብ ሲመጣ ሳህኑን ከባለጉዳዮቹ መሐል አስቀምጬ፣ «በሉ ዋርካው ሥር ተቀመጡ» እላለሁ። ጥላው ካልበቃቸው ተራ በተራ ይጠለሉ። የዋሸውንም ገንዘብ አላስከፍለውም፤ እስከ ክረምት ወስዶ ያጠጣ፣ ሽቦውን ይይ፣ ሌሊት ሌሊትም የራሱን ጋቢ ያልብሰው።